ፋዝሞፎቢያ ላይ ከነነፍስ ለመውጣት፦ ከቁልፎቹ እስከ አደኑ

ፋዝሞፎቢያ በተባለው አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ተጫዋች የሚሞተው በአብዛኛው ቀድሞ ባለመዘጋጀቱ ነው። ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት የት እንደሚደበቅ አላየም። ባትሪው በየትኛው ቁልፍ እንደሚጠፋ ጣቱ አልለመደም። መንፈሱ ማደን ሲጀምር ይህን ሁሉ በሦስት በአራት ሰከንድ ውስጥ ለማድረግ ይሞክራል፤ አይደርስለትም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ትልቁን ቦታ የሰጠሁት ለዝግጅቱ ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ፦ ጨዋታውን የሠራው ኪኔቲክ ጌምስ የተባለ የእንግሊዝ ስቱዲዮ ነው። በመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫ ላይ ወጣ፤ በ2024 መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ደረሰ። እስከ 4 ሰው ሆናችሁ መንፈስ ያለበት ቤት ትገባላችሁ። ማስረጃ ሰብስባችሁ የመንፈሱን ዓይነት ትለያላችሁ፣ ትወጣላችሁ። መሣሪያ ይዞ መንፈሱን መግደል የሚባል ነገር የለም። ያላችሁ ጆሮ፣ እግርና ብልሃት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁልፎች በኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያው ተሞልተው የሚመጡት ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከመግባታችሁ በፊት ድምፁን አስተካክሉ

ሄድፎን የግድ ነው። ድምፁ ከግራ ይምጣ ከቀኝ፣ ከላይኛው ፎቅ ይሁን ከጎረቤት ክፍል፣ በስፒከር መለየት ይከብዳል። በዚህ ጨዋታ ደግሞ የእግር ኮቴ ከየት እንደመጣ ማወቅ ማለት ግማሽ መዳን ነው። ከጀርባ ሙዚቃ ከፍታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ አጥፉት።

ማይኩን ተጭነው በሚናገሩበት ሁኔታ አድርጉት። ቪ ቁልፍ በአካባቢያችሁ ላለ ሰው ብቻ የሚሰማ ድምፅ ነው። ቢ ደግሞ በሬዲዮ ለሁሉም ይደርሳል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን በአደን ጊዜ መንፈሱ አጠገባችሁ ከሆነ በጨዋታው ማይክ የተናገራችሁትን ይሰማና ወደ ድምፁ ይመጣል። ማይኩ ክፍት ከሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆናችሁ ያስነጠሳችሁት አንድ ማስነጠስ ይበቃዋል። እኔ ማይኩን እንደ አንድ መሣሪያ ነው የማየው፤ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ማወቅ ያስፈልጋል።

የስክሪኑን ብርሃን ደግሞ በቅንብሩ ውስጥ እስክታዩ ድረስ ከፍ አድርጉ። ጨዋታው የሚያስፈራው በጨለማው ነው የሚሉ አሉ። ለጀማሪ ግን በሩን ማየት ይቅደም።

ደረጃ 2፦ ጣቶቻችሁን አሠልጥኑ

እንቅስቃሴው የተለመደው ነው፦ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ። ሺፍት ያስሮጣል፣ ሲ ያስጎነብሳል። ሩጫው ግን እንደ ሌላው ጌም አይደለም። በአንድ ጊዜ መሮጥ የምትችሉት 3 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ትንፋሽ እስኪመለስ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሺፍትን ከቦታ ቦታ ለመድረስ አታባክኑት። ለማዕዘን መታጠፊያ አስቀምጡት።

በአንድ ጊዜ 3 ዕቃ ትይዛላችሁ። ኢ ያነሳል፣ ኪው ያፈራርቃል፣ ጂ ይጥላል፣ ኤፍ ዕቃውን አስተካክሎ ያስቀምጣል። የማውሱ ቀኝ ቁልፍ በእጅ ያለውን ዕቃ ያበራል ወይም ያጠፋል። ማስታወሻ ደብተሩ በጄ ይከፈታል። ቲ ደግሞ ሌላ ዕቃ በእጃችሁ ቢኖርም የያዛችሁትን ባትሪ ያበራል፣ ያጠፋል። ከሁሉም ቁልፎች አስቀድማችሁ የምትለምዱት ይህን ቲ ነው። ሳታስቡ እስኪመጣላችሁ ደጋግሙት።

አሁን በሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልቀው እዚህ ነውና። በር በአንድ ጠቅታ አይከፈትም። የማውሱን ግራ ቁልፍ ተጭናችሁ ትይዙታላችሁ፣ ከዚያ ማውሱን ትስባላችሁ ወይም ትገፋላችሁ። በሩ እጃችሁን ይከተላል። በፍጥነት ከሳባችሁ በፍጥነት፣ በዝግታ ከሳባችሁ በዝግታ። ችግሩ በሩ ወደ እናንተ የሚከፈት ሲሆን ነው። ተጠግታችሁ ከቆማችሁ ሰውነታችሁ ራሱ በሩን ያግደዋል። በድንጋጤ ጊዜ ሰው የሚያደርገው ደግሞ ይበልጥ መጠጋት ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፣ ሳቡ፣ ግቡ፣ ዞር ብላችሁ ዝጉ። ይህችን አራት እንቅስቃሴ ሰላም በሆነ ቤት፣ በተለይ በቁም ሳጥን በር ላይ፣ ፊታችሁን ወደ ውጭ አዙራችሁ መዝጋት እስክትችሉ ተለማመዱ። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ በር መዝጋት ያልቻለ ሰው ያልተደበቀ ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ለመጀመር 6 ታንግልዉድ ድራይቭን ምረጡ። ትንሽ ቤት ነው፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ጨለማም ቢሆን መንገዱን ታውቁታላችሁ። የክብደት ደረጃውን ከሁሉ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። በዚያ ደረጃ 5 ደቂቃ የዝግጅት ጊዜ አለ፤ መንፈሱ በዚህ ጊዜ አያድንም። በቀጣዩ ደረጃ ይህ ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል። በሦስተኛው ጭራሽ የለም።

በዚያ 5 ደቂቃ ውስጥ የማደርገው በቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ባትሪና ቴርሞሜትር ይዤ እገባለሁ። ብሬከሩን እፈልጋለሁ፤ ጠፍቶ ከሆነ አበራዋለሁ። ቀጥሎ መንፈሱ የሰፈረበትን ክፍል እፈልጋለሁ፤ ክፍሉ ከሌላው ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ ዕቃ የሚወረወረውና በር የሚንቀሳቀሰውም እዚያ አካባቢ ነው። ይህን ካገኘሁ በኋላ ግን የማስረጃ መሰብሰቢያ ዕቃ ለማምጣት ከደጅ ወደቆመው የቡድኑ መኪና አልሮጥም። ከዚያ ክፍል ራቅ ያለ መደበቂያ እመርጣለሁ።

መደበቂያ ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ከመንፈሱ ክፍል እስከዚያ ድረስ ቢያንስ ሁለት መታጠፊያ ይኑር። ሁለተኛ፣ አንድ ብቻ አይሁን። ከክፍሉ በዚህ በኩል ስትወጡ የሚቀርባችሁ አንድ፣ በዚያ በኩል ስትወጡ የሚቀርባችሁ ሌላ። የቁም ሳጥኑን በር ከፍታችሁ ተዉት። መንገድ ላይ ያሉትን የክፍል በሮችም እንደዚያው። በአደን ጊዜ የምትቆጥቡት አንድ ሰከንድ ከዚህ ነው የሚመጣው። ክብደቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጨዋታው አንዳንድ መደበቂያዎችን በዕቃ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ ባለፈው ዙር የነበረ ቁም ሳጥን ዛሬም አለ ብላችሁ አትገምቱ፤ ሄዳችሁ እዩት።

አንድ ጠቃሚ ብልሃት ልጨምር። ትርፍ ባትሪ ካላችሁ አብርታችሁ ከመደበቂያው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። በእጅ የተያዘ የበራ ዕቃ መንፈሱን ይጠራል፤ መሬት ላይ ያለው አይጠራውም። ነገር ግን መንፈሱ ወደ 10 ሜትር ሲጠጋ መብራቱ ይርገበገባል። በቁም ሳጥኑ ስንጥቅ በኩል ያችን ብርሃን እያያችሁ መቅረቡንና መራቁን ታውቃላችሁ።

ደረጃ 4፦ የአእምሮ መረጋጋታችሁን ጠብቁ

እያንዳንዱ ተጫዋች ከ100 የሚጀምር የመረጋጋት መጠን አለው። ጨለማ ውስጥ ስትቆሙ ይወርዳል። መንፈሱ ብቅ ሲል ያየ ሰው የእሱ ይበልጥ ይወርዳል። አብዛኞቹ መንፈሶች ማደን የሚጀምሩት የቡድኑ አማካይ ወደ 50 ሲወርድ ነው። አማካይ መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ ሲዞር ዋጋውን ሁሉም ይከፍላል።

መጠኑን መኪናው ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ ታያላችሁ። በየተወሰነ ጊዜው አንድ ሰው ሄዶ ይይና በሬዲዮ ይናገር። የምትሠሩበትን ክፍል መብራት አብሩ፤ የቤቱን ሁሉ ግን አታብሩ፣ ሲበዛ ብሬከሩ ይወድቃልና። መብራት ከሌለ ሻማ ይረዳል። ማረጋጊያው መድኃኒት ደግሞ ቀድሞ አይዋጥም፤ አማካዩ ወደ 60 ሲጠጋ ነው ጊዜው።

ደረጃ 5፦ መስቀልና እጣን

መስቀል አደኑን ከመጀመሩ በፊት ያከሽፈዋል። መንፈሱ ማደን ሲሞክር መስቀሉ በቅርብ ካለ አደኑ አይጀመርም፣ መስቀሉም ይቃጠላል። ዝቅተኛው ዓይነት የሚሸፍነው 3 ሜትር ነው፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። የተሻሻሉት ይሰፋሉ፣ ሁለት ጊዜም ያገለግላሉ። እንግዲህ መስቀል በር ላይ ወይም መተላለፊያ ላይ አይቀመጥም። መንፈሱ በሚቆምበት ክፍል መሃል ነው የሚቀመጠው። አደኑ አንዴ ከተጀመረ በኋላ ይዛችሁ ብትቆሙ አይረዳችሁም።

እጣን ለብቻው ምንም አይደለም፤ መለኮሻው አብሮ መያዝ አለበት። ከ3 ዕቃ ሁለቱ ያዘ ማለት ነው። ከባድ ይመስላል፣ ግን ከቡድኑ አንድ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ይግባ ባይ ነኝ። እጣን ሁለት ሥራ አለው። አደን ሳይጀመር በመንፈሱ አጠገብ ከለኮሳችሁት ለ90 ሰከንድ ማደን አይችልም። በአደን መሃል ከለኮሳችሁት ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ያሳውረዋል፤ እናንተን ትቶ መንከራተት ይጀምራል።

በአደን መሃል ሲሆን ከባዱ ነገር መጠበቅ ነው። ዝቅተኛው እጣን የሚደርሰው 3 ሜትር ድረስ ነው። መንፈሱ ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ሲል ደንግጣችሁ ከለኮሳችሁት ጭሱ ለከንቱ ነው። ከአንድ መታጠፊያ ጀርባ ቁሙ። ኮቴው እስኪቀርብ፣ ማዕዘኑን እስኪዞር ጠብቁ። ለኩሱ፣ ከዚያ አትቁሙ። በዚያው ቅጽበት ቦታ ቀይሩ፣ ሁለት መታጠፊያ ዞራችሁ ተደበቁ። ለኩሰው እዚያው ቆመው የሚያዩ አሉ፤ ጭሱ ሲያልቅ መንፈሱ ያገኛቸዋል።

ደረጃ 6፦ አደኑ ሲጀምር

የመውጫው በር ይቆለፋል። መብራቱና ባትሪው ይርገበገባሉ። ሲቀርብ ደግሞ የራሳችሁ የልብ ምት ይሰማችኋል። በዝቅተኛው ደረጃ መንፈሱ መንቀሳቀስ ከመጀመሩ በፊት 5 ሰከንድ፣ በቀጣዩ 4፣ በሦስተኛው 3 ሰከንድ ፋታ ትሰጣላችሁ። በዚያ ፋታ የምታደርጉት ይህ ነው፦ በቲ ባትሪውን አጥፉ፣ በእጃችሁ ያለው ዕቃ የሚበራ ከሆነ አጥፉት ወይም በጂ ጣሉት፣ ወደ መረጣችሁት መደበቂያ ሂዱ፣ ማይካችሁን ዝጉ። ወደ መውጫው በር አትሩጡ። ተቆልፏል።

ብዙዎች የሚረሱት የእጅ ዕቃውን ነው። መንፈስ ጠሪው ሬዲዮ፣ ካሜራው፣ የኤሌክትሪክ ሞገድ ለኪው፣ የበራ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ በእጃችሁ ካለ መንፈሱ በግድግዳ በኩል እንኳ ከ7 ሜትር ገደማ ያውቀዋል። በሚገባ ተደብቀው ሬዲዮው እጃቸው ላይ እየበራ የሚገኙ ስንትና ስንት ናቸው።

ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባችሁ ፊታችሁ ወደ በሩ ይሁን። የበሩን ጠርዝ በግራ ቁልፍ ያዙት። አትናገሩ። መንፈሱ ስትገቡ ካላያችሁ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ፊት ለፊታችሁ ቢያልፍ እንኳ በሩን አይከፍትም። ስትገቡ ካያችሁ ግን ያውቃል፤ በሩን መያዝ ጥቂት ጊዜ ይገዛላችሁ እንጂ አያድናችሁም። መደበቂያ የሚሠራው ከዐይኑ ከተሰወራችሁ በኋላ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ምን ያህል ትጠብቃላችሁ? በትንሽ ቤት አደኑ በዝቅተኛው ደረጃ 15 ሰከንድ፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 30 ይቆያል። ቤቱ ሲሰፋ ጊዜውም ይረዝማል፤ በትልልቆቹ ላይ በሦስተኛው ደረጃ 60 ይደርሳል። መብራቱ መርገብገብ አቁሞ ባትሪያችሁ በደንብ ሲበራ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀጣዩ አደን እስኪመጣ ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ አላችሁ። ዕቃ ለማንሳት ወይም ለመውጣት ይበቃል፤ ሁለቱንም ለማድረግ ግን አይበቃም።

ደረጃ 7፦ መደበቂያ ሲጠፋ መዞር

የአብዛኞቹ መንፈሶች መደበኛ ፍጥነት በሰከንድ 1.7 ሜትር ነው። እናንተ ስትራመዱ 1.6፣ ስትሮጡ 3 ናችሁ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መንፈሱ እያያችሁ በቆየ ቁጥር ይፈጥናል፣ እስከ 1.65 እጥፍ ድረስ። ሲሰወርበት ደግሞ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ በአንድ ረጅም ዕቃ ዙሪያ መዞር ይቻላል፦ ቁመቱ ዕይታ የሚከልል መደርደሪያ፣ ወይም ሁለት በር ያለው ክፍል። ወደ ማዕዘኑ ሩጡ፣ ከማዕዘኑ በኋላ ተራመዱ፣ ሺፍቱ ሲሞላ እንደገና። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አታላይ ነው፤ ከላዩ ያያችኋል፣ በያንዳንዱ ዙር ይፈጥናል። ከዐይኑ ስትሰወሩም ወዲያው አትቁሙ። መንፈሱ መጨረሻ ያያችሁ ቦታ ድረስ ይመጣል። ሁለተኛው መታጠፊያ ነው የሚያድናችሁ።

ደንቡን የሚያፈርሱ መንፈሶች

ከላይ ያለው ሁሉ ለአብዛኞቹ ይሠራል። አንዳንዶቹ ግን ለብቻ መታወቅ አለባቸው።

ዲኦጀን ሁልጊዜ የት እንዳላችሁ ያውቃል። መደበቅ ከሱ ጋር ሞት ነው። ከሩቅ በጣም ፈጥኖ ይመጣል፤ አጠገባችሁ ሲደርስ ግን በሰከንድ ወደ 0.4 ሜትር ይወርዳል። ሰፊ ቦታ ላይ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ ተራመዱ፣ አይደርስባችሁም። ሬቨናንት ተቃራኒው ነው። ካየ በሰከንድ 3 ሜትር ይሮጣል፣ ማለትም ከናንተ ሩጫ እኩል፤ ካላየ ግን በ1 ሜትር ይጎተታል። ከሱ ጋር መዞር አይሞከርም፣ ተደበቁ። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ቡድን ጨርሷል።

ሀንቱ በቅዝቃዜ ይፈጥናል፤ ብሬከሩ በርቶ ቤቱ እንዲሞቅ አድርጉ። ጂን ግን ብሬከሩ በርቶ ከሩቅ ሲያያችሁ ይፈጥናልና ከሱ ጋር ማጥፋት ይሻላል። ራይጁ የበራ ኤሌክትሮኒክስ ባለበት ይፈጥናል፤ ከሱ ጋር ቤቱን በካሜራ አትሙሉት። ማይሊንግ ኮቴው ዝቅ ያለ ነው። የሌሎቹ 20 ሜትር ያህል ላይ ሲሰማ የሱ 12 ሜትር ላይ ነው። መብራቱ መርገብገቡና ኮቴው መሰማቱ እኩል ከሆነባችሁ እሱን ጠርጥሩ።

ዴመን ከ70 ጀምሮ ያድናል፤ አማካዩ ገና ከፍ ብሎ ሳለ አደን ከመጣ መጀመሪያ እሱን አስቡ። ዮካይ አጠገቡ ስታወሩ 80 ላይ እንኳ ይነሳል። እጣን ደግሞ ለመለየትም ይረዳል፦ ለኩሳችሁ ሰዓት ያዙ። ዴመንን የሚያግደው ለ60 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ስፒሪት የተባለውን ለ180። ሌሎቹ 90 ላይ ናቸው።

የተረገሙትን ዕቃዎች፣ ማለትም መስታወቱን፣ የሙዚቃ ሳጥኑን፣ የጥንቆላ ካርታውን፣ አሻንጉሊቱንና የመሳሰሉትን፣ ጀማሪ ሳላችሁ ባትነኩ ይሻላል። እነሱ የሚያስነሱት አደን መረጋጋታችሁን አይጠይቅም፤ ከተለመደውም 20 ሰከንድ ይረዝማል። የግድ ከሆነ መደበቂያው አጠገብ ሆናችሁ፣ ለሌሎቹ ቀድማችሁ ተናግራችሁ።

ልምምድ

የክብደት ደረጃውን ራሳችሁ የምታስተካክሉበት ምርጫ ከተከፈተላችሁ፣ መንፈሱ እንዳይገድል ማድረግ ይቻላል። ታንግልዉድን በዚያ ሁኔታ ክፈቱ። ማስረጃውን ተዉት። መረጋጋቱ ከዜሮ እንዲጀምር አድርጉ፣ አደን ቶሎ ቶሎ ይመጣል። በመጀመሪያው አደን ምንም አታድርጉ፣ ኮቴውን ብቻ ስሙና ከየት ወደ የት እንደሄደ ገምቱ። በሁለተኛው ባትሪ ማጥፋትና ቁም ሳጥን መዝጋት። በሦስተኛው በአንድ ዕቃ ዙሪያ መዞር፣ ሺፍትን ለማዕዘን ብቻ። ከዚያ ብሬከሩን አጥፉና ያንኑ በጨለማ ድገሙት። ቁም ሳጥኑን ሳታዩ በእጃችሁ ልማድ መዝጋት ስትችሉ ወደ እውነተኛው ዙር ተመለሱ። የዝግጅት ጊዜውን ከ5 ወደ 2 ደቂቃ የሚያወርደውን ደረጃ ከዚያ በኋላ ሞክሩት።